«እኛም ቤት ሕፃናት ክፍል አለ!»

ጥምቀት እንዴት አለፈ? መቼም በከተራ ዕለት ወደ ጃንሜዳ ስትወርዱ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ከበሮ እየመቱ፣ ከታቦቱ ፊት እየዘመሩ የሚያልፉ ሕፃናት ሳታዩ አልቀራችሁም። «ውይ ሲያምሩ!» ብላችሁ ሞባይላችሁን አውጥታችሁ ቀርጻችኋል። ለዘመድ አዝማድም ልካችኋል። ጥሩ! ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እነዚያ ሕፃናት መንገድ ላይ ተሰልፈው እስኪታዩ ድረስ ከኋላቸው ስንት እናት እንቅልፍ እንዳጣች፣ ስንት ባል እንዳኮረፈ፣ ስንት ቤት ወጥ እንዳረረ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ ልንገራችሁ። በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት ሊሞላው ነው። ከዚህ ሌላ በሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለቤቴ እሁድ እሁድ ያስቀድሳል እንጂ የአገልግሎት ሰው አይደለም። ስብሰባ የሚባል ነገር አይወድም። ከበሮ ቢሰጡት በየት በኩል እንደሚመታ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው። እጮኛህ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ከሆነች፣ ወይም አንቺ ራስሽ እያገለገልሽ «ካገባሁ በኋላ ምን ሊውጠኝ ነው?» የምትዪ ከሆነ ይቺን አንብቡ። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ይህ የቅድስና ወሬ አይደለም። የወጥ፣ የታክሲ፣ የጨርቅና የኩርፊያ ወሬ ነው።

በዓመት ውስጥ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰው ቤቱን የሚረሳባቸው አራት ሰሞኖች አሉ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀትና ሆሳዕና። ለመስቀል፣ መስከረም 16 ቀን አደባባይ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ለሚታይ ትርኢት ክረምቱን ሙሉ በዝናብ ይጠናል። ዓለም መስቀልን በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀትን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍሮልናል፤ ደስ ይላል። የኛን ቤት ድካም ግን የሚመዘግብ አልተገኘም! ከአራቱ ጥምቀት ይብሳል። ለምን ቢሉ የገና ዶሮ ከድስቱ ሳያልቅ ከተፍ ይላል። ዘንድሮ ገና ረቡዕ ታኅሣሥ 29 ዋለ፤ ከተራ እሁድ ጥር 10። በመካከሉ ያለው ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከተራ ማለት ውሃውን መከተር፣ መገደብ ማለት ነው ብለን ለልጆቹ እናስተምራለን። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ሰዓቱን ከትሮ የሚያቆምልኝ ባገኘሁ እላለሁ።

ሰኞ ማታ

ከከተራ በፊት ያለው ሳምንት ሰኞ ጥር 4 ቀን ጀመረ። የኔ ክፍል ልጆች 46 ናቸው፤ ከአምስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት። የመዝሙር ጥናቱን ወጣቶቹ መምህራን 11 ሰዓት ላይ ይጀምሩታል። እኔ ከሥራ ወጥቼ፣ መገናኛ ታክሲ ተጋፍቼ፣ 12 ሰዓት ገደማ እደርሳለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹን እንበትናለን። እንበትናለን ማለት የሚቀለው በአፍ ነው። ወላጅ አይመጣም። አንዱ «መንገድ ተዘጋግቶብኝ ነው» ይላል፤ አንዷ «እዚያው እናንተው ጋ ቢቆይ ምን አለበት?» ትላለች። አንዳንድ ወላጅ ቤተክርስቲያንን ነፃ የሕፃናት ማቆያ አድርጓታል ብል ማጋነን አይሁንብኝ። ልጁን ከበር ላይ ወርውሮ የሚሄደው አባት ልጁ ምን እንደሚዘምር እንኳ አያውቅም።

ሰኞ ዕለት የመጨረሻውን ልጅ አስረክቤ ቤት ስገባ ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኗል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሠራተኛችን ለገና አገሯ ሄዳ «ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ» ብላ ነበር። በኋላ ደውላ ጥምቀትንም እዚያው እንደምታከብር ነገረችን። ከናንተ ውስጥ ሠራተኛ ያላችሁ ይህን ዘፈን ታውቁታላችሁ።

ባለቤቴ ትንሹን ከማቆያው አምጥቶ፣ ሁለቱንም ዳቦ በሻይ አብልቶ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ትልቋ የቤት ሥራዋን ይዛ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እኔ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነው፤ «የልብሱ ቀለም ነጭ ነው ወይስ ክሬም?» ይላል። መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ ባለቤቴ ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ።

«ስለዚያኛው ሕፃናት ክፍል ሰማን። እኛም ቤት ሕፃናት ክፍል አለ!»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብዬ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። ውሃው እየፈሰሰ ሳስበው ግን ነገሩ እንዲያው በኩርፊያ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። ልጄ ሳትበላ ባትተኛም እኔን ሳታይ ተኝታለች። በሌላ በኩል እነዚያን 46 ልጆች ልተዋቸው ብል የሚረከበኝ ሰው የለም። ባሌ «ተይው» አላለኝም። እንዲህ ከቀጠለ ግን ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚለኝ ገባኝ። ስንት የማውቃቸው ጎበዝ አገልጋዮች በአንድ እንዲህ ዓይነት ማታ ነው የቀሩት! ከሠርጋቸው በፊት መዝሙር ሲያወጡ ግቢው ይናወጥ ነበር፤ ዛሬ ነጠላቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ሥር ቆመው የሚያስቀድሱ ናቸው።

ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ብያችኋለሁ አይደል? ልጆቹን አስተኝቼ ወረቀት አወጣሁ። በግራ በኩል በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ መሠራት ያለበትን ሁሉ ጻፍኩ፤ እንጀራ ከማምጣት እስከ ትንሹ ቦርሳ ዚፕ ማሰፋት ድረስ። በቀኝ በኩል ማን እንደሚሠራው። 31 ሥራ ተገኘ። በ25ቱ ትይዩ የኔ ስም፣ በ6ቱ ትይዩ የሱ። ሠራተኛዋ ትሠራው የነበረው ሁሉ፣ ማንም ሳይነጋገርበት፣ ከኔ ስም ሥር ገብቶ ተቀምጧል።

ወረቀቱን ሰጠሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ይሄ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» እያለ አንዳንዱን ሊሰርዝ ሞከረ። «ሥራ ካልሆነ ላንተ ይሁና!» አልኩት። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እንደ መርካቶ ነጋዴ ተከራከርን። ትንሹን ከማቆያ ማምጣት በሁሉም ቀን የሱ ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ እራት የሱ። ልጆቹን ማጠብ አልቀበልም አለ፤ በምትኩ የልብሱን አጠባ ወሰደ። እሱም የራሱ ጥያቄ ነበረው። ዓርብ ማታ ጥናቱን ለወጣቶቹ ትቼ እኔ ቤት ልገኝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ የወላጆቹ ግሩፕ እንዳይነካ። ሁለቱንም ፈረምኩ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ።

ለናንተ ለተጫጩት ልንገራችሁ፤ «አትረዳኝም»፣ «አትረጂኝም» እየተባባሉ ማምሸት ዋጋ የለውም። በወረቀት ላይ ሲወርድ ነገሩ የቁጥር ጉዳይ ይሆናል፤ ቁጥር ደግሞ አያኮርፍም። እንዲያውም ሳትጋቡ በፊት እነዚያን አራት ሰሞኖች አንሥታችሁ ተነጋገሩ። «ያን ሳምንት ማን ምን ይሠራል?» በሉ። «ፍቅር ካለ ሁሉ ነገር ይስተካከላል» የሚለውን ቃል ለሠርግ ካሴት ተዉለት።

የልብሱ ነገር

ማክሰኞ የጨርቅ ቀን ነበር። ካለፈው ዓመት የተቀመጠው ልብስ ለ23 ልጆች ይሆናል። ቀሪዎቹ 23 ወይ አዲስ ናቸው ወይ ባንድ ዓመት ውስጥ ቁመታቸው ተመዞ ቀሚሱ ጉልበታቸው ላይ ቀርቷል። ከምሳ ሰዓቴ ላይ ቆርሼ መርካቶ ወረድኩ፤ ነጭ ቴትሮኑን ከዚያ፣ ነጠላውን ደግሞ አንዷ ወጣት መምህርት ከሽሮ ሜዳ አመጣችው። ከነስፌቱ ከነነጠላው ለአንድ ልጅ 950 ብር ደረሰ። ወላጅ ይከፍላል።

ይከፍላል ስላችሁ ግን ሁሉም በጸጋ እንዳይመስላችሁ። አንዲት እናት «የኔ ልጅ በወርቃማ ጥልፍ ይሁንላት፤ ትርፉን እኔ እከፍላለሁ» አለችኝ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብላት «እንግዲያው ከፊት መስመር ትቁም» አለች። ገንዘብ ከፍሎ የፊት መስመር የሚገዛው ስታዲየም ነው አልኩኝ በሆዴ፤ በአፌ «በቁመት ነው የምናሰልፈው» ብዬ አለፍኩ። አንድ አባት ደግሞ ልጁን ጨርሶ ሊያስቀረው መጣ፤ «ፈተና ደርሷል» ብሎ። እሱን ግን አልተቀየምኩትም። ልጁ በሂሳብ ይቸገራል። ከመምህራኑ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነውና ከጥናት በኋላ 20 ደቂቃ ሂሳብ ሊያሳየው ተስማማ። በማግስቱ አምስት ልጆች ሆነው ጠበቁት!

እማማ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መዝሙር የምታወጣልን ልጅ አለች። ዐሥር ዓመቷ ነው። ድምፅዋን ስትለቀው ሌሎቹ 45ቱ ሳይታዘዙ ይከተሏታል። ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች። ረቡዕ ጓደኛዋን ብጠይቃት «አያቷ ከልክለዋታል» አለችኝ። ረቡዕ ማታ ከጥናት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ።

አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። እማማ ከደጅ ባለው መብራት ሥር ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ልጅቷ እኔን ስታይ ወደ ውስጥ ገባች። የልጅቷ እናት ቤይሩት ከሄደች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ የሷም ደመወዝ ተቆራረጠ፤ አንዳንድ ወር ይመጣል፣ አንዳንድ ወር አይመጣም። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቦምብ ሲዘንብ አሠሪዎቿ ቤቱን ዘግተውባት ሸሽተው እንደነበር እማማ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ነገሩኝ። እንዝርቱን እያሾሩ።

«እማማ፣ ልጅቷን ይላኩልኝ እንጂ። ያለሷ መዝሙሩ አይሆንም» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። በአሮጌ ልብስ ከሰው ፊት አትቆምም። ዘንድሮ ይቅርባት።»

«ልብሱን ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይሰጣታል እኮ!»

እንዝርቱ ቆመ። «እንዴት ሆኖ? እንደ ነዳይ?» አሉኝ።

አልመለስኩላቸውም። ምክንያቱም ልክ ናቸው። ስንት ጊዜ አይተናል! «ለችግረኛ ሕፃናት» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ስማቸው ሲጠራ፣ ሁለት ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይዘው ከሰጪው ጋር ቆመው ፎቶ ሲነሡ፣ ፎቶው በማግስቱ በየስልኩ ሲዞር። ደብተሩ በሁለት ወር ያልቃል፤ ፎቶው ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይከተላቸዋል። አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ደግሞ ማን በነፃ እንደለበሰ፣ ማን ገዝቶ እንደለበሰ ከኔና ከናንተ በላይ ታውቃለች። «ማንም አያውቅም፣ በምስጢር ነው» የሚባለውን አትመኑ። በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ምስጢር የለም!

እማማ የሠሩልኝን ቡና እየጠጣሁ ነው ትከሻቸው ላይ ያለውን ነጠላ ያየሁት። ያረጀ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን አቋጫጨቱ እንዲህ የለውም። እያንዳንዱ ፈትል እኩል ተጠምዝዞ፣ እኩል ታስሮ፣ ማበጠሪያ የገባበት ይመስላል። «ማን ቋጨልዎት?» ስላቸው በጥያቄዬ የተገረሙ መሰሉ። «ማን ይቋጭልኛል? እኔው ነኝ እንጂ!»

ከሽሮ ሜዳ የመጣው 23 ነጠላ ሳይቋጭ የተሸጠልን ነበር። እንዲቋጭልን የጠየቅነው ሰው ለአንዱ 40 ብር ብሎ፣ ያውም ለከተራ አላደርስም ብሎን ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት 23ቱን ነጠላ በፌስታል ይዤ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን እንዳለ ነገርኳቸው፤ ሠራተኛ ቸግሮናል፣ ክፍያው 40 ብር ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት መድረስ አለበት።

አንዱን አንሥተው ጫፉን በጣታቸው ዳበሱት። «ድሩ ልል ነው። በአርባ አልሠራም። ሃምሳ።»

ሃምሳ ሆነ። 23 በ50፣ 1 ሺህ 150 ብር። የልጅቷ ልብስ 950 ሲቀነስ 200 ብር በእጃቸው ይቀራል። ሂሳቡን ከኔ ቀድመው በቃላቸው ደረሱበት። ቅዳሜ ጠዋት ሥራውን ሲያስረክቡ ቫውቸር አዘጋጅቼ አስፈረምኳቸው፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተማሩት ፊደል ስማቸውን እስከ አያት አድርገው ጻፉ። በመዝገባችንም ላይ «የነጠላ ማስቋጫ» ተብሎ ገባ። «እርዳታ» የሚል ቃል የትም የለም፤ እርዳታ አልነበረምና። 950 ብሩንም ወላጆች በሚሰለፉበት መስመር ተሰልፈው ከፍለው ደረሰኝ ተቀበሉ። ልጅቷ ሐሙስ ማታ ጥናት ላይ ነበረች።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህን ያህል መዞር ምን ያስፈልጋል? 950 ብር ከኪስሽ ሰጥተሽ አትገላገዪም?» አሉኝ። መስጠቱማ ቀላል ነው። እማማ ግን ባልተቀበሉኝ ነበር፤ ቢቀበሉኝም ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትዘምረው። አንገቱን ደፍቶ መዝሙር ያወጣ ሰው አላየሁም።

ዮርዳኖስ በሳሎናችን

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ለወላጆች የምናሳየው አጭር ትርኢት ነበረን። ልጆቹ ጥምቀትን ከማቴዎስ ምዕራፍ 3 ያውቁታል። ዘንድሮ ግን እስራኤላውያን ዮርዳኖስን የተሻገሩበትን ከኢያሱ መጽሐፍ ልናሳያቸው አሰብን። ወጣቶቹ ከካርቶን ታቦት ሊሠሩ ሲሉ መምህራችን «ታቦት በጨዋታ አይሠራም» ብለው ከለከሉ። ጥሩ አደረጉ። በምትኩ ምዕራፍ 4 ላይ ያሉትን ዐሥራ ሁለቱን ድንጋዮች ያዝን፤ ከወንዙ መካከል ለመታሰቢያ የተነሡትን። ዐሥራ ሁለት ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ።

ድንጋዮቹ ከቀበና ወንዝ ዳር መጡ። ሽታቸው አይነሣ! የት ይታጠቡ? ኃላፊዋ ቤት! ሐሙስ ማታ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ ተደርድሯል። ዮርዳኖስ ደግሞ የሳሎናችን ሰማያዊ መጋረጃ ነው። ትንሹ ልጄ ዮርዳኖስን ተጠቅልሎ አልሰጥም ብሎ ያለቅሳል። ትልቋ «አንተ ባሕር አይደለህም!» እያለች ትጎትተዋለች። ባለቤቴ ሽሮ እያማሰለ ነው፤ ሐሙስ የሱ ተራ ነዋ። ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

አማቴ ናቸው። ከደብረ ብርሃን፣ ጥምቀትን ከኛ ጋር ሊያሳልፉ፣ ቅቤያቸውን ይዘው። ልጃቸውን በሽርጥ አዩት።

«በስመአብ! ልጄ፣ ወጥ ቤት ምን ገባህ?»

እኔ ክው አልኩ። ባለቤቴ ግን ማማሰያውን ሳይለቅ ወደ ማቀዝቀዣው አመለከተ፤ «እማዬ፣ ሐሙስ የኔ ተራ ነው። ተጽፏል።»

አማቴ መነጽራቸውን ስላልያዙ ወረቀቱን እንዲያነቡላቸው አዘዙ። ከመጀመሪያው እስከ 31ኛው ተነበበላቸው። እኔ የሚመጣውን ነገር እየጠበቅሁ ነበር፤ «በኛ ጊዜ…» የሚለውን። ሲያበቃ ጥቂት ዝም አሉና «እኔስ የቱ ላይ ነኝ?» አሉ።

ወንዶች አንባቢዎቼ፣ እናቶቻችሁን በከንቱ አትፍሩ። ከዚያን ማታ ጀምሮ ትንሹን ማጠብ የሳቸው ሆነ። ዮርዳኖስንም ከእጁ ያስለቀቁት እሳቸው ናቸው፤ በቆሎ አታለው።

ዓርብ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቤቴ አመሸሁ። ትልቋን የቤት ሥራዋን አሠራሁ። ሌላ የሚነገር የለውም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ድንጋዮቹ አንድም ሳይወድቅ ዮርዳኖስን ተሻገሩ። ልጅቷ መዝሙሩን ስታወጣ እማማ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያዩ እንዳይመስላችሁ! አጠገባቸው የተቀመጠውን የሰው ልጅ ነጠላ ጫፍ ስበው ቁጭቱ መያዙን ይፈትሻሉ።

እሁድ

ልጆች ይዞ ከተራ የሚወርድ ሰው ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ የሚጻፉም አይመስለኝምና ልናገር። የመጀመሪያው ሽንት ቤት ነው። አዎ፣ ሽንት ቤት! ታቦት በዝማሬ ሲሄድ አጭሩ መንገድ ሰዓታት ይፈጃል። የአምስት ዓመት ልጅ መሐል መንገድ ላይ «መጣብኝ» ካለ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ በመንገዱ ላይ ሦስት ቤቶች ቀድመን አስፈቅደናል፤ ባለቤቶቹም በደስታ ነው የከፈቱልን። ሁለተኛ፣ የጥር ፀሐይ ቀን ያቃጥላል፤ ማታ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይገባል። ቀን ውሃ፣ ለማታ ሹራብ። ገሃድ ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው፤ ዳቦና ሙዝ ያዝን። ሦስተኛ፣ አዲስ ጫማ አይደረግም። ለበዓል የተገዛ ጫማ እግር ልጦ ስንቱን ልጅ አስለቅሷል! አራተኛ፣ ስልክ ሕዝብ በበዛበት አይሠራም። ስለዚህ «እንደዋወላለን» አይባልም፤ የመረካከቢያው ቦታና ሰዓት ቀድሞ ይታወቃል። እያንዳንዱ ልጅ የእጁ አንጓ ላይ የወላጁ ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ትልቅ ከትንሽ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። አዳር ለሕፃን አይፈቀድም፤ ታቦቱ ጃንሜዳ ገብቶ ድንኳኑ ውስጥ ሲያርፍ የኛ ሥራ ያበቃል።

ዘንድሮ የመረካከቢያውን ዝርዝር የያዘው ማን መሰላችሁ? ባለቤቴ! ማንም አልለመነውም። ትንሹን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሰፈር ጀምሮ አብሮን ሲወርድ ነበር። ቦታው ላይ ስንደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና «አንቺ ልጆቹን ጠብቂ» አለኝ። ሳይፈርም ልጅ የሚወስድ የለም አለ። አንድ ሰውዬ «አጎቱ ነኝ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። «አጎት ከሆንክ መፈረም አያቅትህም» አለው። ልጁ ራሱ «አጎቴ ነው» ቢልም ለእናቱ ሳይደወል አልለቀቀውም፤ ኔትወርኩ እስኪገኝ ሩብ ሰዓት አቆመው። አንዳንዱ ሰው «ምን ዓይነት ደረቅ ነው?» ሲል ሰማሁ። እኔ ደስ አለኝ።

የመጨረሻው ልጅ አባት የመጣው በሁለት ሰዓት ዘግይቶ ነው። ሰላምታም አልሰጠን። ልጁ ሙዝ እየበላ ባለቤቴ ጃኬት ውስጥ ተኝቶ ነበር።

ጥር 12 ቀን ሚካኤል ከገባ በኋላ ልብሱ ተሰብስቦ ታጠበ፤ ተራው የባለቤቴ ስለነበር አንዱን ቀሚስ ከቀይ ካልሲ ጋር አጥቦት ሮዝ ሆኗል። ያን ሰሞን ልጅቷ ወደኔ እየሮጠች መጣች። ጎረቤቷ ከተራ ላይ የቀረጻትን ቪዲዮ በኢሞ ለእናቷ ልካላት ኖሯል። እናቷ በድምፅ የመለሰችውን አሰማችኝ። ስለ መዝሙሩ አንድ ቃል አላለችም። «ነጠላውን እማዬ ናት አይደል የቋጨችው? አወቅሁት! የሷ እጅ ነው!» ትላለች፤ ቀጥሎ ያለው በለቅሶ ምክንያት አይሰማም። ልጅቷ ደጋግማ አጫወተችው። እማማም ቢሆኑ አሁን ለሰፈሩ ሙሽሮች ነጠላ እንዲቋጩ እየተጠሩ ነው፤ ዋጋውም 60 ገብቷል አሉ።

ሠራተኛችን አልተመለሰችም። ነነዌ ጥር 25 ይገባል፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9። ሆሳዕና ደግሞ መጋቢት 27 ነው፤ ለ46 ልጅ ዘንባባ ማምጣት፣ ማጠብ፣ መሸንሸን፣ ቀለበቱን ማሠራት አለ። ባለቤቴ የማቀዝቀዣውን ወረቀት አውርዶ በራሱ እጅ አዲስ ጽፏል። የረቡዕ እራት ለኔ አድርጎታል። እኔ ረቡዕ ጥናት አለኝ። አማቴ በስልክ ተጠይቀው «እኔ አልገባበትም» ብለዋል። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።